የባባ ጉና መርዶ

ደሙ ተርብ ጠራ። ኔቬናን በዚያ ጠዋት ገና በማለዳው የገጠማት ጣጣ ይኼ ነበር። ኢስክራ ቀይ ሥርን ከስኳር ጋር አንተክትካ የሠራችው ደም በመልኩ ሐኪም ያሳስታል፤ ነገር ግን በጥቅምት የገጠር ተርብ ገና አልሞተም፣ ስኳር ካሸተተ ደግሞ ዘመድ አዝማዱን ጠርቶ ነው የሚመጣው። ለፊልሙ ሬሳ ሆነው አልጋ ላይ የተጋደሙት አሮጊቷ ባባ ጉና አፍንጫቸው ላይ ተርብ አርፎ አልሞትም አሉ። ማን ይፈርድባቸዋል?

ኔቬና ስኳሩ ቀርቶ ዱቄትና ኮምጣጤ እንዲገባ አዘዘች። ተርቦቹ ሄዱ። ክፍሉ ግን ሰላጣ ሰላጣ ሸተተ፤ ቦያን ከካሜራው ጀርባ ሆኖ፣ እንግዲህ ሬሳችን የጎደላት ዘይት ብቻ ነው አለ። ባባ ጉና ሰምተው ሲስቁ ፊታቸው ላይ የተቀባው ነጭ ዱቄት ተሰነጣጠቀ፤ ኢስክራም እያጉረመረመች እንደገና ልትቀባቸው ብሩሿን አነሣች።

ሦስት ናቸው እንግዲህ፤ ኔቬና አዘጋጅ፣ ቦያን ካሜራ፣ ኢስክራ ድምፁም ቅባቱም ደሙም። ሦስቱም ሶፊያ ላይ ፊልም የሚማሩ ልጆች ናቸው። የሚሠሩት የኔቬናን መመረቂያ ነው፤ አንዲት አሮጊት ትሞታለች፣ ለቀስተኛው ከቧት ተቀምጦ ሳለ ከገዛ አልጋዋ ትነሣለች። ሌላው ሁሉ ተቀርጿል። የቀረችው ያቺው መነሣት ናት። እሷ ከሌለች ፊልም የለም፣ ፊልም ከሌለ ኔቬና አትመረቅም። ካሜራው ደግሞ የትምህርት ቤቱ ነውና በማታው አውቶቡስ ተሳፍሮ መመለስ አለበት። ሐሳቡን ለመምህሯ ያቀረበች ዕለት፣ በሦስት ሰው በሚሠራ አስፈሪ ፊልም ውስጥ የሚያስፈራው የሠራተኛው ቁጥር ነው ብሎ ክፍሉን ሙሉ አስቆባታል። ያን ቀን ምንም አልመለሰችለትም። ዛሬ ልትመልስለት ነው ያሰበችው።

ዳብራቫ ከሚባለው ከዚህ መንደር ቤቶች ግማሹ የተቆለፈ ነው፤ ወጣቱ ወይ ሶፊያ ወይ ጀርመን ገብቷል። ባባ ጉና ግን ቤታቸውንም ራሳቸውንም ሳያቅማሙ ሰጡ። ፊልም ላይ እንዲሞቱ ሲጠየቁ ያሳሰባቸው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ የምሞተው ጫማ አድርጌ ነው ወይስ በባዶ እግሬ አሉ። ኔቬና ያኔውኑ ወደደቻቸው።

ኔቬና ችግር ሲገጥማት ከንፈሯን ነክሳ ግቢውን አንዴ ትዞራለች፤ ስትመለስ መላ ይዛ ነው። ካሜራው የሚንሸራተትበት ሐዲድ አልነበራቸውም፤ ጎተራ ውስጥ አሮጌ የሕፃን ጋሪ ተገኘ፣ ቦያን እግሩን አጥፎ ገባበት፣ እሷ ገፋችው። በሩ ደግሞ አልጮህ አለ፤ የባባ ጉና ባል በሕይወት ሳሉ ማጠፊያውን ዘይት እያጠጡ አለስልሰውታል። ስለዚህ የጉድጓዱን መዘውር ሲጢጥ ሲል ቀድተው ድምፁን ለበሩ ሰጡት። ጉም የሚተፋ መሣሪያ ከየት ይምጣ? የመንደሩ ሰው ለክረምት ቃሪያ የሚጠብስበት ሰሞን ነውና የጎረቤትን ጭስ በአንሶላ እያራገቡ በመስኮት አስገቡት። ጉሙን ያየ ይፈራል፣ ያሸተተ ግን ይርበዋል፤ ፊልም ደግነቱ አይሸትም። ሌሊቱንም በቀን ሠሩት፣ መስኮቶቹን በወፍራም ብርድ ልብስ ደፍነው።

ያልተፈታው የለቀስተኛው ነገር ነበር። ሦስቱ ሰዎች ካሜራ ጀርባ ከሆኑ አልጋውን የሚከብ ማን ነው? የባባ ጉናን ባል ካፖርቶች እየጎተቱ አወጡና ወንበር ላይ አልብሰው፣ ከላይ ሻሽ ጠምጥመው ደረደሩ። በቦያን ካሜራ ደብዘዝ ሲል ሰው ይመስላል። ኔቬና ግን ራሷን ማታለል አልቻለችም፤ ካፖርት አያለቅስም። ደግማ ግቢውን ልትዞር ወጣች።

ገና ከደጃፉ ሳትርቅ የውጭው በር ተንኳኳ። ስትከፍተው የመንደሩ ሴቶች ጥቁር ለብሰው፣ ሻማና በሳህን የተቆለለ ንፍሮ ይዘው ቆመዋል። ከፊት ያለችው ባለሱቋ ሩምያና ዓይኗ ደም መስሏል። ኔቬናን ጥብቅ አድርጋ አቀፈቻትና፣ እናንተም ምስኪኖች በሰው አገር ሬሳ ላይ ወደቃችሁ፣ ለመሆኑ መቼ አረፉ ብላ ጠየቀቻት። ኔቬና ግራ ገብቷት ማን ስትል ሩምያና በጣቷ ወደ በሩ አመለከተች።

በሩ ላይ የተለጠፈው የመርዶ ወረቀት ነው፤ ፎቶ፣ ስም፣ ዙሪያውን ጥቁር ጠርዝ፣ በዚያ አገር የማንም ሟች ደጃፍ ላይ እንደሚለጠፈው። ትናንት ለፊልሙ ራሳቸው ናቸው የለጠፉት፤ አንዱን እዚህ፣ አንዱን አውቶቡስ ማቆሚያው ላይ። ኔቬና የጻፈችው የሟች ስም ቶዶራ የሚል ነበር፤ በመንደሩ ማንም የማያውቃት፣ ከጭንቅላቷ የፈጠረቻት ቶዶራ። ቦያን ያን ስም ከባባ ጉና ፎቶ ጋር ይዞ ከተማ ወረደና ለአታሚዋ ሰጣት። አታሚዋ የዚሁ አካባቢ ተወላጅ ኖራለች። ፎቶውን አየች፣ ስሙን አየች፣ የከተማ ልጆች ናቸው ተሳስተው ነው ብላ አዘነችላቸውና በደግነቷ አረመችላቸው። ባባ ጉና በሰው ስም ይቀበሩ እንዴ? ቦያን የተጠቀለለውን አምጥቶ ለጠፈ፣ ካሜራውን ፎቶው ላይ አቅርቦ ቀረጸ፣ አለቀ። ራሱ ያጻፈውን መርዶ ደግሞ የሚያነብ ማን አለ? ያልጠረጠረ ተመነጠረ ማለት ይኼ ነው። ኔቬና አንገቷን አስግጋ ስታነብ፣ ውድ እናታችን ጉና ስቶይኖቫ ይላል፣ ምንም ፊደል ሳይጎድል።

ወይ ጉድ አለች። ይቅርታ ለመጠየቅ አፏን ስትከፍት፣ ጫጫታ የሰሙት ባባ ጉና ከኋላዋ ብቅ አሉ። ፊታቸው ነጭ፣ ዓይናቸው ሥር የጠቆረ፣ ካፋቸው ጥግ እስከ አገጫቸው ደም። አንደኛዋ ሴትዮ አማተበች፤ ሌላዋ የንፍሮውን ሳህን ለቀቀችው። ባባ ጉና መሬት ላይ የተበተነውን ስንዴ ጎንበስ ብለው አዩና፣ ዘቢብ የጨመረበት ማን ነው፣ እኔ ንፍሮ በዘቢብ እንደማልወድ እያወቃችሁ ብለው ተቆጡ። ሴቶቹ በሕይወት መኖራቸውን ያመኑት በዚህ ነው።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ማውራት አያስፈልግም። ሩምያና ሻሿን ፈትታ ቦያንን ጀርባ ጀርባውን ስትለው፣ ሌሎቹ እየሳቁም እያለቀሱም ባባ ጉናን ሲዳብሱ፣ ኢስክራ በየሴቱ እጅ የተበላሸባትን ዱቄት እያየች ስታዝን፣ ኔቬና ስሙ እንዴት እንደተቀየረ ደጋግማ ስታስረዳ ቆየች። በመሃል ግን ዓይኗ ሌላ ነገር አየ። ጥቁር የለበሱ ሴቶች፣ ሻማ በእጃቸው፣ እንባቸው ገና ያልደረቀ። አምላክ ሳይደግስ አይጣላም። ወዲያው ገብታ ካፖርቶቹን ከወንበር ላይ እየገፈፈች ጣለችና ሴቶቹን አልጋው ዙሪያ እንዲቀመጡላት ለመነቻቸው። አልተግደረደሩም፤ ለማልቀስ ነው የመጡት፣ እንባውስ ለምን ይባክናል አሉ።

ሁሉም ቦታ ቦታውን ሲይዝ ሩምያና እጇን አፏ ላይ ጫነች። ወረቀቱን አውቶቡስ ማቆሚያው ላይ እንዳየች ለኦግንያን ደውላለታለች። ኦግንያን የባባ ጉና አንድ ልጅ ነው፤ ሶፊያ ላይ አሳንሰር ይጠግናል። ይሄኔ ባቡር ላይ ነው አለች።

ባባ ጉና ትራሳቸውን ደገፍ ብለው ቀና አሉ። «ምን አለ?»

«ምን ይላል። አለቀሰ።»

«ኦግንያን? አለቀሰ?»

«ስቅስቅ ብሎ። ሰው ይሰማኛል ብሎ እንኳ አላፈረም።»

ኦግንያን ክፉ ልጅ አይደለም። መድኃኒት ይልካል፣ እሑድ እሑድ ይደውላል፣ ለፋሲካ እመጣለሁ ይላል፣ ፋሲካ ሲያልፍ ለገና ይላል። ቀጠሮው ጎረምሳ ሆኖ ቢድሩት ልጅ ይወልድ ነበር። መንገዱ ሩቅ ሆኖም አይደለም። ሩምያና ስልኳን አውጥታ ይመለስ ብዬ ልንገረው ስትል ባባ ጉና እጃቸውን ዘርግተው ስልኩን ጉልበቷ ላይ አስቀመጡት።

«ተዪው ይምጣ። ወረቀቱም ካለበት አይነሣ።»

ኔቬና ደነገጠች። ሰውዬው እናቴ ሞተች ብሎ መንገድ ሙሉ እያለቀሰ እንዲመጣ እንዴት ይተዋል ብላ ተከራከረች። ባባ ጉና ግን ክንዳቸውን አጣምረው አልጋው ላይ ቁጭ አሉ። «እሱ በዚያ በር እስኪገባ እኔ አልሞትም፣ አልነሣምም» አሉ። «ላንቺ ፊልም ስሞት ሐጢአት አልሆነም። ለልጄ ብሞት ምን አለበት?»

ኔቬና ከንፈሯን ነክሳ ወጣች። ግቢውን ዞረች፣ ደገመችው፣ መላ አልመጣም። ነገሩ ሲታሰብ ቀላል ነበር፤ ከሰዓት በኋላ ኦግንያን ይደርሳል፣ ባባ ጉና ደስ ብሏቸው ይተኛሉ፣ ትነሣለች የተባለችው አሮጊት ትነሣለች፣ ካሜራው በማታው አውቶቡስ ይሄዳል። የኔቬና ሥራ ዝም ማለት ብቻ ነው። ዝም ካለች ፊልሟ ተሠርቶ አለቀላት ማለት ነው። ሰው ማስፈራት ይሁን ሙያዋ ነው፤ ባቡር ውስጥ ለብቻው የሚያለቅስን ሰው ማስፈራት ግን ነውር ሆነባት። ወንጀሉ ደግሞ የእሷ ነው፤ ወረቀቱን ሳታነብ ያስለጠፈች እሷ ናት። ሩምያናን በምልክት ጠርታ ቁጥሩን ተቀበለችና ጎተራው ኋላ ሄዳ ደወለች።

ኦግንያን ባቡሩ መዝድራ ጣቢያ ላይ ቆሞ ነበር ያነሣው። ሁሉንም ነገረችው፤ ፊልሙን፣ አታሚዋን፣ ንፍሮውን ሳይቀር። ሰደባት፤ እሷን፣ ትምህርት ቤቷን፣ ያስተማራትን ሁሉ አንድ በአንድ ሰደበ። ኔቬና የሚገባኝ ነው አለች። ስድቡ ሲያልቅበት ረጅም ትንፋሽ ተነፈሰ።

«እንግዲህ ደህና ከሆነች» አለ፣ «እዚሁ ወርጄ ልመለስ። ሥራ ጥዬ ነው የወጣሁት። ለገና እመጣለሁ በያት።»

ኔቬና በዕድሜዋ እንዲህ ተናዳ አታውቅም። ለሞተች እናት ብድግ ብሎ የወጣ ሰው፣ በሕይወት አለች ሲሉት ይመለሳል? ስድቡ አሁን የእሷ ተራ በሆነ ነበር። አፏ ድረስ የመጣውን ዋጠችው። ተዋናይ ሲያስቸግር የሚሰደብ ከሆነ ፊልም አይሠራም፤ የሚሠራውን ነው የሚነግሩት።

«አይመለሱም» አለችው። «እናትዎ እንደደወልኩ አያውቁም። መርዶ ሰምተው እንደመጡ ሆነው ይገባሉ። በሩ ላይ ወረቀቱ አለ፤ እሱ ጋ ቆም ይበሉ፣ ያንብቡት፣ ከዚያ ይግቡ። ሌላ አይጠበቅብዎትም።»

«እኔ ተዋናይ አይደለሁም፣ አንቺ ልጅ።»

«እሳቸውም አይደሉም። ግን ሞተው እየጠበቁዎት ነው።»

የባቡሩ ፊሽካ ሲነፋ ሰማች፤ ከዚያ ስልኩ ተቋረጠ። ብትደግም ብትደግም አያነሣም። ወርዶ ይሁን ተሳፍሮ ማን ያውቃል። ካልመጣ ባባ ጉና ጭጭ ብለው እንደተቀመጡ ይመሻል፣ ካሜራውም ይሄዳል። አንዲት ስልክ ደውላ ፊልሟን በገዛ እጇ ቀብራ ሊሆን ይችላል። ወደ ቤት ገባች።

ቦያን ምሽቱ መድረሱ ነው፣ ከሴቶቹ አንዷን በቦታቸው እናስተኛ እንዴ እያለ ነዘነዘ። ኔቬና አይሆንም አለች። ይልቅ አንድ ጊዜ ብቻ መቅረጽ ቢቻላቸው እንኳ እንዳይበላሽ ሁሉን አሰናዳች። ሻማዎቹን ራሷ እያንዳንዳቸውን አስተካከለች፣ ብርድ ልብሶቹን ብርሃን እንዳያሾልኩ ቸነከረች፣ ሩምያናን ከአልጋው ራስጌ ወደ ግርጌ አዛወረች፣ ኢስክራን ማይክራፎኑን ትራሱ ሥር አስቀበረቻት። ሴቶቹ የተረፈውን ንፍሮ እየዘገኑ ስለ ቃሪያ ዋጋ ያወራሉ። ባባ ጉና ብቻ አያወሩም። ኔቬና ዓይናቸውን መሸሽ ያዘች።

ከባቡር ጣቢያ ሰው የሚያመጣው አውቶቡስ ድምፅ ከአደባባዩ ሲሰማ ባባ ጉና ማንም ሳያዛቸው ጋደም አሉ፣ አንሶላውን እስከ ደረታቸው ሳቡ። ኔቬና የመስኮቱን ብርድ ልብስ ጥግ ገለጥ አድርጋ አየች። ጥቂት ቆይቶ ፀጉሩ የሸበተ ወፍራም ሰው አበባ ይዞ ከመንገዱ ጠርዝ ታጠፈ። በሩ ጋ ደርሶ ቆመ። ወረቀቱን አነበበ፤ እንዳዘዘችው። ቀጥሎ የእናቱን ፎቶ በመዳፉ ሸፈነና ግንባሩን በሩ ላይ አስደግፎ ቆየ። ይኼን አላዘዘችውም። ኔቬና ዞር ብላ ቦያንን በአንገቷ ካሜራውን እንዲያስነሣ ነገረችው።

ገባ። ባባ ጉና ዓይናቸውን ገለጡ። ኦግንያን በአልጋው ፊት ተገተረና፣ «እማዬ፤ በሕይወት አለሽ እንዴ» አለ፤ ትምህርት ቤት ግጥም እንደሚያነብ ልጅ አንድ ቃና ሆኖ። ኔቬና አፈረችለት። እንዲህ ያለ መጥፎ ትወና በተማሪ ፊልም እንኳ አይታ አታውቅም። ያም ሆኖ ያልፍ ነበር፤ ያኔ ነው አበባውን ያየችው።

አምስት ነው። ለሬሳ የሚያዝ አበባ ጥንድ ነው፤ ሁለት፣ አራት፣ ስድስት። ጎዶሎ የሚሰጠው ለቆመ፣ በሕይወት ላለ ሰው ነው፣ ይህን የማያውቅ ሕፃን እንኳ በዚያ አገር የለም። ከባቡር ሲወርድ አበባ ሻጯ ስንት ስትለው አፉ ሳያስብ ለቆመች እናቱ ቆጥሯል።

የባባ ጉና ከንፈር ተንቀሳቀሰ። አንዴ ቆጠሩ፣ ደግመው ቆጠሩ። ከዚያ ልጃቸውን ትተው ኔቬናን አዩዋት። ኔቬና አቀረቀረች። አለቀልኝ አለች በሆዷ፤ አሁን ይነሣሉ፣ ዱቄቱን ይታጠባሉ፣ ከቤቴ ውጡ ይላሉ።

«መቼ ነው የነገሩህ?» አሉ ባባ ጉና።

ኦግንያን መዋሸት አቃተው። «መዝድራ ላይ።»

«ከመዝድራ እኮ የመመለሻ ባቡር ሞልቷል።»

«ሞልቷል።»

«እና መጣህ።»

«መጣሁ፣ እማዬ።»

ከባባ ጉና ዓይን የወረደው እንባ ዱቄቱን ሰንጥቆ ሄደ። ኢስክራ ልማድ ሆኖባት ብሩሿን አነሣች፤ ኔቬና እጇን ያዘቻት። ሴቶቹ ማንም ሳያዛቸው ያለቅሱ ነበር። ሩምያናማ አፍንጫዋን በሻሿ ይዛ ትንሰቀሰቃለች።

ባባ ጉና እጃቸውን ዘረጉና አበባውን ከልጃቸው ተቀበሉ። ከመሃሉ አንዷን መዘዙ፤ ለኔቬና ሰጧት።

«ይቺ ላንቺ ናት» አሉ። «ይኸው አሁን አራት ሆነ።»

አራቱን ደረታቸው ላይ አጋደሙ። ኦግንያንን ከሩምያና አጠገብ እንዲቀመጥና በስልክ እንዳለቀሰው አድርጎ እንዲያለቅስ አዘዙት፤ እሱም ተቀመጠ። ትራሳቸውን አመቻችተው ዓይናቸውን ጨፈኑ።

«በይ ልጄ፣ አንሺኝ።»

ኔቬና አበባዋን ጥርሷ መሃል ነከሰችና ሁለት እጇን አንሥታ ለቦያን ምልክት ሰጠችው።